ብልሽትን መፈለግ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በሽምግልናና በችሎት ነው። እኛ ግን የተበላሸ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከፊቱ አስቀምጦ «ምን ነካው?» እያለ ለሚያስብ ተማሪም የተነገረ ይመስለናል። የዕቃውን ሕመም ከነሥሩ መርምሮ ማግኘትና የተጠረጠረውን ክፍል ሁሉ በአዲስ እየለወጡ መሞከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። የመጀመሪያው ሳይንስ ነው፤ ሁለተኛው ዕድልን መፈተን ነው።

በትምህርት ቤቶቻችን ስለ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ተማሪው ዘወትር የሚጠየቀው በትክክል ስለሚሠራ ሰርኪት ነው። የባትሪው ቮልቴጅ ተሰጥቷል፤ የሬዚስተሮቹ መጠን ተሰጥቷል፤ ተማሪው በኦም ሕግ ከረንቱን አስልቶ መልሱን ያሰምርበታል። «ይህ ሰርኪት አይሠራም፤ ለምን?» የሚል ጥያቄ ግን በፈተና ወረቀት ላይ ማግኘት አዳጋች ነው። ውድ አንባብያን፣ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የጎደለ ጥያቄ ወደ ትምህርታችን እንዲገባ መከራከር ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው ሞዱላር ሲንተሳይዘር የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ሲሆን፣ በሐሳባችን ጠረጴዛውን የምንዘረጋው በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በዳባትና በደባርቅ ነው።

ለምን ይህን መሣሪያ መረጥን?

ሲንተሳይዘር ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ ነው። በሠርግ ቤት የምናየው፣ ብዙዎቻችን «ኦርጋን» ወይም «ኪቦርድ» እያልን የምንጠራው መሣሪያ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሞዱላር የሚባለው ዓይነት ግን ሁሉም ነገር በአንድ ሣጥን ተዘግቶ የሚመጣ አይደለም። ሞጁል በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ኦሲሌተሩ ንዝረት ይፈጥራል፤ ፊልተሩ ከንዝረቱ የማይፈለገውን ድግግሞሽ ያጣራል፤ አምፕሊፋየሩ የድምፁን ኃይል ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ተጫዋቹ እነዚህን በአጫጭር ገመዶች እያገናኘ የራሱን ድምፅ ይሠራል።

የዚህ ዓይነቱን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ለየብቻቸው የሠሩት ሮበርት ሙግና ዶን ቡክላ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ዛሬ በስፋት የሚሠራበትና ዩሮራክ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ መነሻው ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣቸው ሞጁሎች ናቸው።

መሣሪያው ለአገራችን ፍጹም እንግዳ ነው ማለት ግን አይቻልም። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 በካይሮ የዛር ሥነ ሥርዓት ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶና በስቱዲዮ ለውጦ ያዘጋጀው ሥራ ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃዎች ተርታ ይቆጠራል። ዛር ደግሞ ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ይኸው ሰው በኒውዮርክ በኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 አዲስ አበባ ተቀምጦ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም መሥርቷል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አጣምሮ የቀዳው ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተደምጧል።

እኛ መሣሪያውን የመረጥነው ግን በታሪኩ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሞጁል አንድ ሥራ ብቻ ስለሚሠራ የትኛው እንደታመመ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ሞጁሉ የሚሠራበት ቮልቴጅ ዝቅተኛ ስለሆነ በቤት ውስጥ ሲመረምሩት አደጋው አነስተኛ ነው። ሦስተኛ፣ ጆሮ ራሱ የመለኪያ መሣሪያ ይሆናል። ሞጁሉ የሌለው አንባቢ በምትኩ አሮጌ ሬዲዮ፣ ድምፁ የጠፋ ቴፕ ወይም የማይበራ የፀሐይ ኃይል ፋኖስ ማሰብ ይችላል። በዳባትና በደባርቅ ገበያ እነዚህን ዕቃዎች በካቻቢቴና በካውያ የሚጠግኑ ባለሙያዎች የሚከተሉት መንገድ ከዚህ በታች ከምንዘረዝረው በመሠረቱ አይለይም።

ከካውያ በፊት ደብተር

ዕቃ ሲበላሽ የብዙዎቻችን እጅ ቶሎ ብሎ የሚዘረጋው ወደ ብሎኑ ነው። ሳይንሳዊው አካሄድ ግን ከደብተር ይጀምራል። ምን ዓይነት ድምፅ ጠፋ? ከመቼ ጀምሮ? ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ሲነካ ይመለሳል? ከመበላሸቱ በፊት ምን ተደርጎበት ነበር? ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት በሽተኛውን እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ መርማሪውም እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቆ መልሱን ይጽፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቀላሉን ጥርጣሬ ማስወገድ ነው። ገመዱ በሌላ ደህና ገመድ ተለውጦ ይሞከራል። የድምፁ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ እንደሆነ ይታያል። በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ቶሎ የሚያረጁት አብዛኛውን ጊዜ የሚንቀሳቀሱና የሚነካኩ ክፍሎች ናቸው፦ ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች፣ የሚዞሩ ቁልፎችና በደንብ ያልተበየዱ መጋጠሚያዎች። አይሲ ከመጠርጠሩ በፊት እነዚህ መፈተሽ አለባቸው።

ከዚያ በኋላ ክልሉን እያጠበቡ መፈለግ ይቀጥላል። ድምፁ ከመግቢያ እስከ መውጫ ስምንት ደረጃዎችን የሚያልፍ ከሆነ፣ ከአንድ እስከ ስምንት በተራ መለካት አያስፈልግም። መጀመሪያ መካከሉ ላይ፣ ማለትም ከአራተኛው በኋላ ይለካል። ድምፅ እዚያ ካለ ችግሩ ወደ መውጫው ነው፤ ከሌለ ወደ መግቢያው ነው። የቀሩት አራት ደረጃዎች እንደገና ለሁለት ይከፈላሉ። በዚህ ሁኔታ ስምንቱ በሦስት ልኬት፣ 16ቱ በአራት፣ 1,024ቱም ቢሆኑ በአሥር ልኬት ያልቃሉ። በክፍል ውስጥ ሎጋሪዝም «ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም። ለዚህ ሥራ ውድ ኦሲሎስኮፕ የግድ አይደለም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ስፒከር መግቢያው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢደረግለት፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚቋረጥ በጆሮ ለመከተል ይበቃል።

ሌላው የማይጣስ ሕግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሦስት ክፍል በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ዕቃው ቢሠራ እንኳ የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም። ስለዚህ ዕቃውን ቢያገኝም ዕውቀቱን አላገኘም።

መብራቱ ስለበራ ኃይል አለው?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የፊልተር ሞጁል ድምፅ ይገባበታል፤ ነገር ግን ምንም አይወጣበትም እንበል። ቀዩ መብራቱ በርቷል። ጀማሪው «መብራቱ ስለበራ ኃይል አለው» ብሎ ያልፋል። ዩሮራክ ሞጁል ግን የሚሠራው በሁለት አቅጣጫ በሚመጣ ኃይል ነው፤ አንዱ ፖዘቲቭ 12 ቮልት፣ ሌላው ኔጋቲቭ 12 ቮልት። መብራቱ የተገናኘው ከፖዘቲቩ ጋር ብቻ ከሆነ፣ ስለ ኔጋቲቩ የሚመሰክረው ነገር የለም። ምልክት ምን እንደሚነግረን ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይነግረን መጠየቅ የማንኛውም ሳይንሳዊ ልኬት መሠረት ነው።

ስለዚህ መልቲሜትሩን ይዘን ወደ አይሲው እንሂድ። በእነዚህ ሞጁሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቲኤል074 የተባለው አይሲ በአራተኛው እግሩ ፖዘቲቩን፣ በ11ኛው እግሩ ኔጋቲቩን ይቀበላል። በአራተኛው ላይ 11.9 ቮልት አገኘን፤ በ11ኛው ላይ ግን ዜሮ። የኃይሉ ገመድ በሚሰካበት ቦታ ኔጋቲቭ 12 ቮልቱ አለ። እንግዲህ መንገድ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። በመካከል ያለችው አንዲት የ10 ኦም ሬዚስተር ናት፤ ኃይሉን አጥፍተን ስንለካት ተቃጥላ ተቆርጣለች።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት። አንደኛው ሰው አዲስ ሬዚስተር በይዶ ኃይል ይሰጣል፤ አዲሷም ጭስ ሆና ትሄዳለች። ሁለተኛው ሰው ግን «ይህቺን ሬዚስተር ምን አቃጠላት?» ብሎ ይጠይቃል። ኃይሉ እንደጠፋ በኔጋቲቩ መስመርና በግራውንድ መካከል ያለውን ሬዚስታንስ ይለካል፤ 2 ኦም ብቻ ያገኛል። በዚያ መስመር ላይ ካሉት ካፓሲተሮች አንዱ ውስጡ ተገናኝቶ ሾርት ሆኗል ማለት ነው። አሁን የክፍል ውስጥ ቀመር ሕይወት ይዘራል። 12 ቮልት ለ12 ኦም ሲካፈል 1 አምፔር ነው። 1 አምፔር በ10 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 10 ዋት ሙቀት ይፈጥራል። ሬዚስተሯ የምትችለው ግን ሩብ ዋት ብቻ ነው፤ የኃይል ሣጥኑ ያን ያህል ከረንት መስጠት እስከቻለ ድረስ ከአቅሟ 40 እጥፍ ተጭኖባታል። ሬዚስተሯ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አልነበረችም። ካፓሲተሩ ከተለወጠ በኋላ በመስመሩ ላይ ያለው ሬዚስታንስ ከፍ ማለቱ ሲረጋገጥ ብቻ አዲሷ ሬዚስተር ትበየዳለች። ነገርን ከሥሩ ማለት ይህ ነው።

ደጋው የሚያመጣው ጣጣ

የደባርቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዳባትም ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ግን የደኅንነት ደረጃቸው የሚወጣው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። ምክንያቱ ሳስቶ የሚገኘው አየር ነው። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 70 በመቶ ዝቅ ይላል። ሳሳ ያለ አየር ሙቀትን ከዕቃው ላይ ጠርጎ የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባለበት ቦታም ብልጭታን የመከላከል አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ ተፈትኖ ያለፈ የኃይል ሣጥን በስሜን ግርጌ የበለጠ ሊግል ይችላል። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ መሸፈንም እዚህ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይጎዳል።

የሙቀቱ ነገርም አለ። በበጋ ወራት በዚህ አካባቢ የሌሊቱና የቀኑ ሙቀት ልዩነት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፉ የተለመደ ነው። ሞዱላር ሲንተሳይዘር ቃናን የሚቆጣጠረው በቮልቴጅ ነው፤ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል፤ አንድ ሰሚቶን ማለት ወደ 83 ሚሊቮልት ነው። ይህን የሚተረጉመው ትራንዚስተር ግን ባሕርዩ ከፍጹም ሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ በክፍል ሙቀት አካባቢ በየዲግሪው ከመቶ አንድ ሦስተኛ ገደማ። ማካካሻ ያልተደረገለት ኦሲሌተር በ10 ዲግሪ ለውጥ፣ ሦስት ኦክታቭ ርቀት ላይ ከአንድ ሰሚቶን በላይ ይስታል። በትዝታም ሆነ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ለሚጫወት ሰው ይህ ቅኝቱን የሚያፈርስ ስሕተት ነው።

እንግዲህ ኦሲሌተሩ ጠዋት ቃናው ተዛብቶ ቀትር ላይ ቢስተካከል ተበላሽቷል ማለት ነውን? አይደለም። የፊዚክስ ሕግ እየሠራ ነው። የከበሮ ቆዳ እርጥበት ሲያገኘው እንደሚላላና ፀሐይ ሲነካው እንደሚወጠር ማለት ነው። መፍትሔው ክፍል መለወጥ ሳይሆን መሣሪያው እስኪሞቅ ጠብቆ መቃኘት፣ ወይም ሙቀት የሚያካክስ ሬዚስተር መጨመር ነው። በደብተሩ ላይ ሰዓቱንና የክፍሉን ሙቀት ያልጻፈ መርማሪ ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም። እንዲሁም ሌሊት ብርድ ላይ ያደረ ዕቃ ጀበና ወደሚፈላበት ክፍል ሲገባ ጤዛ ይይዛልና፣ እስኪደርቅ ሳይጠበቅ ኃይል ሊሰጠው አይገባም።

ጉዳዩ ከሙዚቃ መሣሪያ ያልፋል

«አንድ የሙዚቃ ዕቃ ቢበላሽ ምን ይሆናል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የምንሟገትለት ግን ለዕቃው ሳይሆን ለችሎታው ነው። ፔሪና ማልኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ አቅም በሌላቸው 16 አገሮች ከተመዘገቡት የሕክምና መሣሪያዎች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት አገልግሎት የማይሰጡ ሆነው ተገኝተዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ማልኪንና ኪን ከ11 አገሮች የመጡ 2,849 የጥገና ጥያቄዎችን መርምረው፣ ከተበላሹት መሣሪያዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በመሠረታዊ የኤሌክትሪክ፣ የሜካኒክና የኃይል አቅርቦት ዕውቀት፣ ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣ ወደ ሥራ ሊመለሱ እንደሚችሉ አሳይተዋል። የተቃጠለውን ፊውዝ ከመለወጥ አልፎ ያቃጠለውን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ቢገኝ፣ ሕፃን የሚሞቅበት መሣሪያ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም ማለት ነው። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎችም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው።

የምክንያት ፍለጋ ባህል ለአካባቢው አዲስ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት ባለው የምርምር ጣቢያ የነዋሪውን ልደትና ሞት ይመዘግባል፤ ሰው ሲሞትም ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ምልክቶች በመጠየቅ የሞቱን ምክንያት ለማወቅ ይጥራል። ቁጥሩን መመዝገብ ብቻ አልበቃም፤ ምክንያቱ ታውቆ የሚቀጥለው ሰው እንዲድን ይፈለጋል። ለሰው ሕይወት የተገባው ይህ ጥንቃቄ፣ በመጠኑም ቢሆን ሕይወትን ለሚያግዙት መሣሪያዎች ሊደርስ ይገባል እንላለን።

የሚቃወሙንም አሉ። አንዳንዶች ተማሪ የኤሌክትሪክ ዕቃ መክፈቱ አደገኛ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ስለዚህም ድንበሩን በግልጽ እናስቀምጣለን። ከግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት የሚገባበት የኃይል ሣጥን በጀማሪ እጅ አይከፈትም፤ ስፒናው ቢነቀል እንኳ በውስጡ ያለ ትልቅ ካፓሲተር ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ልምምዱ በባትሪ ድንጋይና በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይጀመር። ሌሎች ደግሞ የዛሬ ዕቃ ክፍሎቹ እጅግ ስላነሱ በካውያ አይነካም ይላሉ። ይህም በከፊል እውነት ነው። ሆኖም የተበላሸው ገመዱ፣ ባትሪው ወይም መሰኪያው ሆኖ ሳለ ዕቃው እንዳለ የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ደቃቅ ካውያ ሳይሆን ሥርዓት ያለው አእምሮ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የፊዚክስ መምህራን በተግባር ትምህርት ጊዜ ሆን ብለው ያበላሹትን ሰርኪት ለተማሪዎች ይስጡ፤ ነጥቡም ለመልሱ ብቻ ሳይሆን ለፍለጋው ደብተር ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የከተማው የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ባለሙያዎች በእንግድነት ወደ ክፍል ተጠርተው እጃቸው ያካበተውን ልምድ ያካፍሉ፤ ተማሪውም በክብር ያድምጣቸው። ሦስተኛ፣ በጎንደርም ሆነ በደባርቅ የሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የቆሙትን የቤተ ሙከራ ዕቃዎች ይመርምሩ። የማይጠገነው ለምን እንደማይጠገን ተጽፎ ይቀመጥ፤ ይህም ራሱ ዕውቀት ነውና።

እስከዚያው ግን አንባቢያችን ማንንም መጠበቅ የለበትም። በቤቱ መደርደሪያ ላይ ድምፁ ጠፍቶ የተቀመጠ አንድ ሬዲዮ አይጠፋም። ባትሪው ይውጣ፤ አንድ ደብተር ይከፈት፤ የመጀመሪያው መስመር ላይም ዕቃው ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ይጻፍ። ፍለጋውን እስከ ሥሩ ያደረሰ አንባቢ የሄደበትን መንገድ ጽፎ ቢልክልን፣ በሚቀጥሉት እትሞች ለሌሎች እንዲደርስ ለማድረግ ዝግጁ ነን።